ሰንጢውን ወደን፣ ቀጥቃጩን ንቀን

እስቲ ኪሳችሁን ፈትሹ። ሞባይል፣ ቁልፍ፣ የተጨማደደ ብር፣ የታክሲ መልስ። ከአንዳንዶቻችሁ ኪስ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ይወጣል፤ ሰንጢ። ታጣፊ፣ ጣት የምታህል፣ በአንድ እጅ ተከፍታ በአንድ እጅ የምትዘጋ። ፈረንጆቹ በየዕለቱ ከኪስ የማይለየውን እንዲህ ያለ ዕቃ «ኤቭሪዴይ ካሪ» ይሉታል። እኛ «የዕለት ትጥቅ» ብንለው ዘመቻ የምንሄድ ስለሚያስመስለን «የኪስ ሰንጢ» ብለን እንለፈው።

የኪስ ሰንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። እኛም ሀገር አይጠፉም። አንዱ ጓደኛዬ ነው። ደመወዙ ወር ሳይሞላ አለቀ ብሎ የሚያማርር፣ ነገር ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ባገኘ ቁጥር «ጫማ ይቅርብኝ፣ ሰንጢ አምጡልኝ» የሚል ሰው ነው። ሳጥኑን ከፍቶ ሲያሳያችሁ እያንዳንዷን በስሟ ይጠራታል። ይቺ ከስዊዘርላንድ፣ ይቺ ከፈረንሳይ፣ ይቺ ከጀርመን ዞሊንገን፣ ያቺ ደግሞ ከጃፓን ሴኪ። የትኛው ብረት ዝገት እንደሚችል፣ የትኛው ስለቱ ቶሎ እንደማይደንዝ፣ የትኛውን ፋብሪካ ማን እንደመሠረተው ሲተነትንላችሁ ቡናችሁ ይቀዘቅዛል።

ይህ ጓደኛዬ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። «የሀገርህ ካራስ? እዚህ ሳጥን ውስጥ የለም እንዴ?» አልኩት። ሳቀና «እሱማ የቀጥቃጭ ሥራ ነው» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «እሱማ» ነው።

ሰንጢ መውደድ ምን ክፋት አለው?

ምንም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ጓደኛዬም ሌሎቹም ይቀየሙኛል። ሰንጢ የሚይዝ ሰው ለጎረቤት ይጠቅማል። ብርቱካን ይልጣል፣ ካርቶን ይከፍታል፣ የተቋጠረ ገመድ ይቆርጣል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል። ቁርጥ ቤት ገብታችሁ አስተናጋጁ የደነዘዘ ቢላ አምጥቶ ሥጋውን ከመቁረጥ ይልቅ ስታሹት አምሽታችሁ ከሆነ የስለትን ጥቅም እኔ አልነግራችሁም።

የሰብሳቢዎቹን ጨዋታ ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁት ግን ከብረቱ በላይ የሚወዱት ነገር እንዳለ ትደርሱበታላችሁ። የሠሪውን ስምና ታሪክ ነው የሚወዱት።

ሁላችንም የምናውቃትን ቀይዋን፣ ነጭ መስቀል ያለባትን የስዊዝ ሰንጢ እንውሰድ። ካርል ኤልዜነር የሚባል ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባህ በምትባል መንደር ትንሽ ሥራ ቤት ከፈተ። በዚያን ጊዜ የስዊዘርላንድ ጦር ለወታደሮቹ ሰንጢ ይፈልግ ነበር፤ በሀገር ውስጥ ያን ያህል ብዛት መሥራት የሚችል ስላልተገኘ የመጀመሪያው ትእዛዝ ወደ ጀርመን ዞሊንገን ሄደ። ኤልዜነር ይህ ቆጨው። የሀገሩን ቢላ ሠሪዎች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1891 የመጀመሪያዎቹን የወታደር ሰንጢዎች ለጦሩ አስረከበ። እናቱ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ሲያርፉ ስማቸውን ለሰንጢው ሰጠ። በ1921 የማይዝገው ብረት ሲመጣ ፈረንሳዮች ለማይዝግ ብረት የሚሉት «ኢኖክስ» ተጨመረበትና «ቪክቶሪኖክስ» ሆነ። በየሰዉ ኪስ የምትዞረው ሰንጢ የአንዲት እናት ስም ተሸክማለች ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። እጀታው እንጨት የሆነው፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው የፈረንሳዮቹ ኦፒኔል አለ። ዮሴፍ ኦፒኔል ይህን ሰንጢ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቮይ በሚባል ተራራማ አገር ነው። አባቱ ለገበሬ መጥረቢያና ማጭድ መሰል መሣሪያ የሚሠሩ የመንደር ባለእጅ ነበሩ። በኛ አነጋገር ልጁ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ዛሬ ስሙ ሰንጢው ላይ ተጽፏል፣ ምልክቱም ዘውድ የጫነ እጅ ነው። የባለእጅ እጅ፣ ከነዘውዱ!

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። የኛ ካራ ላይ ማን የሚባል ስም አለ?

ጋፋት የማንን ስም አስታወሰ?

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። የትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ ማሠሪያ ያደረጉት ቦታ ነው። ሠራተኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንና ባለሙያዎች ነበሩ። ከነሱም ብዙዎቹ የተማሩት ባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ነበር። ወንጌል ሊሰብኩ ነበር የመጡት፤ ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ መዶሻውን ፈለጉ። መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሡ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ተራራ እየናዱ፣ ገደል እየሞሉ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጅተው መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያው ሞቱ። መድፉ ግን ዛሬም እዚያው መቅደላ ነው፤ አምሳያውን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ታዩታላችሁ።

እስካሁን ያልኩት አዲስ ነገር የለውም። የኔ ጥያቄ ስለ ስም ነው።

የጋፋት ፈረንጆች ስም ተጽፎ ይገኛል። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ሞሪትዝ ሃል፣ ፈረንሳዊው ቡርጎ። ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። የሞሪትዝ ሃልማ ዘሩ ሳይቀር ይታወቃል፤ በፊልም ዓለም ስመ ጥር የነበረው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጅ ልጁ ነው። ይታያችሁ፤ ጋፋት ላይ ብረት ያቀለጠ ፈረንጅ አራተኛ ትውልዱ ድረስ ተቆጥሮለታል።

በዚያው ጋፋት ከሰል ያከሰለው፣ ወናፍ ያናፋው፣ የፈረንጁን ቋንቋ ሳያውቅ እጁን አይቶ የሠራው ያገሬ ሰውስ? ከንጉሡ በፊትም በኋላም ለደብረ ታቦር ገበሬ ማረሻ፣ ለወታደሩ ጦርና ጎራዴ፣ ለእመቤቲቱ የጓዳ ካራ የቀጠቀጠውስ? አንዱን ስሙን ጥሩልኝ። እኔም አልችልም።

«ጊዜው ስለራቀ ነው» እንዳትሉኝ። የዚያን ዘመን የመኳንንቱን፣ የደብተራውን፣ የአዝማሪውን ሳይቀር ስም እናውቃለን። የቀጥቃጩን የማናውቀው ስሙን መጠየቅ ነውር ስለነበረ ነው። ስም ነበረውኮ፤ እኛ የሰጠነው ስም። ቡዳ። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል ተባለ። አብሮት መብላት፣ ከልጁ ጋር መጋባት፣ ዓይኑን ማየት የሚያስፈራ ሆነ።

የምንስመው መጽሐፍ በምን ተጻፈ?

ደቡብ ጎንደር የሊቃውንት አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም እዚያ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም እዚያ ነው። የቆሎ ተማሪ ከየአቅጣጫው ተሰድዶ ይሄዳል፤ ዓመታት ቆይቶ መሪጌታ ሆኖ ይወጣል። በነዚህ ደጆች ብራና ተፍቋል፣ መጽሐፍ ተጽፏል።

ለመሆኑ አንድ ብራና መጽሐፍ ለመጻፍ ምን ያስፈልጋል? ፍየሉ በካራ ይታረዳል። ቆዳው በካራ ይገፈፋል። ተወጥሮ በስለት ይፋቃል። ብራናው በስለት ይቆረጣል። ብዕሩ መቃ ነው፤ መቃው ጫፉ የሚቀረጸው፣ ሲደንዝም እንደገና የሚቀረጸው በትንሽ ስል ካራ ነው። ጸሐፊው ፊደል ቢሳሳት ቀለሙን የሚፍቀው በዚያችው ካራ ነው። ከፍየሉ እስከ ፊደሉ ድረስ ስለት ያልነካው ነገር የለም።

ካራዋን የሠራው ማነው? በስሙ ያልተጠራው ሰውዬ።

እንግዲህ ነገሩን ገጣጥሙት። በግንባራችን ነክተን የምንሳለመው መጽሐፍ፣ እጁን ለመጨበጥ በምንፈራው ሰው ካራ የተሠራ ነው። ለአውዳመት በጉን ባርከን የምናርድበት ካራ የሱ ነው። ለቡሄ ልጆች ሆያ ሆዬ የሚሉበትን ዱላ የሚልጡባት፣ የጅራፉን ልጥ የሚያስተካክሉባት ትንሿ ካራም የሱ ናት። የደብረ ታቦር በዓል የከተማዋ ስም ነው፤ ያለ ቀጥቃጩ ግን በዓሉም ዱላ አልባ ነበር።

ስድቡ ደግሞ መዘዝ አለው። በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት ለገበሬው ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ከኖሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በሃይማኖታቸውም በሙያቸውም ተሰድበዋል። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን (በዚህኛው ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ የተጓጓዘው) ሲሄዱ ሙያቸውንም ይዘው ሄዱ። የሄዱት በስድቡ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ የራሳቸው እምነት፣ የራሳቸው ናፍቆት ነበራቸው። ግን ሸኚያቸው ሙያቸውን አክብሮ ነው የሸኛቸው ማለት እንችላለን?

«የኛ ካራ እኮ ጥራት የለውም»

እዚህ ላይ ጓደኛዬ መልስ አለው። «ንቀት አይደለም፤ ብረቱ መጥፎ ስለሆነ ነው። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተሠራ ካራ ምን ይሁን ትላለህ?» ይላል።

ጥሩ። ስለ ባሌስትራ እናውራ።

የመኪና ባሌስትራ ተራ ብረት አይደለም። ስንትና ስንት ኩንታል ተሸክሞ፣ ከወረታ ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ታቦር የሚገባ የጭነት መኪና ሥር እየታጠፈ እየተመለሰ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው። ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን አለው። ይህ መጠን ብረቱ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር እንዲጠነክር ያስችለዋል። የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ ያነሰ በመሆኑ የቱንም ያህል ብታግሉትና ብትነክሩት ስለቱ አይቆይም። ስለዚህ ካራ ስትገዙ የምትጠይቁት ጥያቄ «ከውጭ ነው ከሀገር ውስጥ?» ሳይሆን «ከባሌስትራ ነው ከፌሮ?» የሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ የቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አለ። አባሉ ማዕረግ ለማግኘት ይፈተናል። በገዛ እጁ የቀጠቀጠው ቢላ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ አለበት። ከዚያ ጣውላ ይቆርጣል። ከዚያ ሳይሳል የክንድ ፀጉር ይላጫል። በመጨረሻም ተይዞ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። ብዙዎቹ ለዚህ ፈተና ከሚመርጧቸው ብረቶች አንዱ ምን መሰላችሁ? የባሌስትራ ብረት። ልዩነቱ እዚያ «5160» የሚል ቁጥር ተሰጥቶት በክብር መጠራቱ ነው።

ወደ ኔፓል ብንሄድ ደግሞ ኩክሪ የሚባለው ጠምዛዛ ቢላ አለ። የጉርካ ወታደሮች የሚታወቁበት ነው። ሰብሳቢዎች ከዓለም ዙሪያ ይገዙታል። የዛሬው ኩክሪ በአብዛኛው የሚቀጠቀጠው ከጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። የሚቀጠቅጡትም ካሚ የሚባሉ ወገኖች ናቸው፤ በዚያ አገር ልማድ እንደ ርኩስ ተቆጥረው ውሃ ሳይቀር ከእጃቸው የማይጠጣላቸው። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1963 በሕግ ይህን ልዩነት ሻረች፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ታሪኩ አልመሰላችሁም? ያው ባሌስትራ፣ ያው ንቀት። የነሱ ቢላ ግን ስም አውጥቷል።

እርግጥ ነው፤ የደብረ ታቦር ገበያ ላይ የምታገኙት ካራ ሁሉ አንደኛ አይደለም። አንዱ ይታጠፋል፣ አንዱ ይሸረፋል። ለዚህ ምክንያት አለው። ብረት ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ሞቆ መለስለስ አለበት። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሰል ይበላል። አሁን እናንተ በቀጥቃጩ ቦታ ሁኑ። ተጨማሪ ሰዓት ደክማችሁ ጥሩ ካራ ብትሠሩ ገዢው ከመጥፎው በምን ይለየዋል? ስም የለበትም። ጥሩ ስለሠራችሁ ተመልሶ እናንተን ፈልጎ አይመጣም። መጥፎ ብትሠሩም ማንም አይጠይቃችሁም። ታዲያ ለምን ትደክማላችሁ?

የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ስም የሌለው ዕቃ ጥራት አይኖረውም። ቀጥቃጩን ስሙን እንዲደብቅ ያደረግነው እኛ ነን፤ ከዚያ ደግሞ ዞረን ጥራት የለህም እንለዋለን።

ስሙን ለምን ይደብቃል?

አንድ የገበያ ቀን ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ዳር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ጋ ቆሜ ነበር። ልጃቸው ወናፉን ያናፋል፣ እሳቸው በጉጠት የያዙትን ብረት እያገላበጡ ይቀጠቅጣሉ። እጀታው ቀንድ የሆነ አንድ ካራ አነሣሁ። እጅ ላይ ሲይዙት ልክ የሆነ፣ ያማረ ሥራ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን የመሰለ ሥራ ሠርተው ስምዎን ለምን አይቀርጹበትም?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ስሜን ልጻፍበትና ማን ይግዛው ልጄ?» አሉ። «ማን እንደሠራው ካልታወቀ ነው የሚሸጠው። ነጋዴው ይወስደዋል፣ ሌላ ቦታ ወስዶ ይሸጠዋል። ከኔ መምጣቱን ቢያውቁ ሥጋ የሚከትፉበት ይመስልሃል?»

መልስ አልነበረኝም። ኤልዜነር የእናቱን ስም ሰንጢው ላይ ጻፈ። እኚህ አባት የራሳቸውን ስም ከካራቸው ይደብቃሉ።

«ቡዳ ማለት እኮ ድሮ ቀረ» የሚል ሰው ይኖራል። በተለይ ከተማ ያለን፣ ተማርን የምንል። እውነት ነው፤ ቀጥቃጭ ሲያይ የሚያማትብ ጓደኛ የለኝም። ግን አንድ ፈተና ልስጣችሁ። ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ዛሬ ማታ ቤት መጥቶ «የቀጥቃጭ ልጅ ላገባ ነው» ቢል እናታችሁ ምን ትላለች? እናንተስ እናታችሁን ምን ትሏታላችሁ? ፌስቡክ ላይ ፎቶዋ ያማረላት ልጅ «ቡዳ እንዳይበላሽ» ስትባል ላይክ ስናደርግ የማንን አባት እየሰደብን እንደሆነ አስበን እናውቃለን?

ዐፄ ምኒልክ ይህን ነገር አይተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አንጥረኛውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም በሥራው እንዳይሰደብ። ንጉሡ ያኔ የገባቸው ቀላል ነገር ነው፤ ሠሪውን የሚሰድብ አገር ሁሌ ከውጭ ገዢ ሆኖ ይቀራል። አዋጁ ከተነገረ ከ115 ዓመት በላይ ሆነ። ጓደኛዬ ግን ዛሬም «እሱማ የቀጥቃጭ ሥራ ነው» ይላል፤ ከዚያ ሰንጢ ከስዊዘርላንድ ያስመጣል።

ንቀት ግን ተራራ አይደለም፤ ይነሣል። ማስረጃው እዚያው ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ አለ። አውራ አምባ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከመሠረቱት ጀምሮ ማኅበረሰቡ ከሚተዳደርባቸው ሥራዎች ዋናው ሽመና ነው። ሽመናም እንደ ቅጥቀጣ የተናቀ ሙያ ነበር። አውራ አምባ ውስጥ ግን ወንዱም ሴቱም ይሸምናል፣ የሸመነውን ይሸጣል፣ ቱሪስትም ጥናት አድራጊም «የአውራ አምባ ሥራ» ብሎ በስሙ ፈልጎ ይሄዳል። ጋቢው ስም ያለው ጋቢ ሆነ። ሸማኔው በሥራው ካላፈረ ገዢውም አላፈረም።

«በዚህ ዘመን ስለ ስለት ይወራል?»

ይህ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ትክክልም ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰው ሞቷል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ክልሉ እንደገና ግጭት ውስጥ ገባ። ብዙ ደም ባየ አገር ስለ ካራ ውበት ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። ደብረ ታቦርን ያቆሰላት ከቀጥቃጭ ወናፍ ሥር የወጣ ነገር አይደለም። ቀጥቃጩ የሚሠራው ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ የጓዳ ካራ ነው። ግጭት ባለበት ጊዜ መንገድ ይዘጋል፣ ከሩቅ የሚመጣው ዕቃ ይቀራል ወይም ይወደዳል። ያኔ ገበሬው ማረሻውን የሚያስቀጠቅጠው እዚያው አጠገቡ ካለው ሰው ዘንድ ነው። ሴባስቶፖልን ለማሠራት ያን ሁሉ ከሰል ካከሰልን፣ ለማረሻና ለካራ ሠሪው አንዲት ምስጋና ብንጨምር አይበዛም።

ስለ መያዙም አንድ ነገር ልበል። ሰንጢ መሣሪያ ነው፤ ሥራ የሚሠራበት። ኪሱ ውስጥ ይዞት ጠጅ ቤት የሚፎክርበት ሰው ሰብሳቢ አይደለም፣ ችግር ፈላጊ ነው። ስታዲየም፣ ባንክ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሄዱ ቤት ተዉት። ለእውነተኛ ሰብሳቢ ይህ አይነገረውም።

እና ምን እናድርግ?

መፈክር አልወድም። ትንንሽ ነገሮች ግን አሉ።

ሰብሳቢዎች፣ ሳጥናችሁ ውስጥ አንድ የሀገር ካራ ይግባ። ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ። ብርቱካን ልጡበት፣ ሥጋ ቁረጡበት፣ ከዚያ ስለ ስለቱ እንደ ሌላው ሰንጢያችሁ አውሩ። ከደነዘም ደነዘ በሉ፤ ማወደስ ብቻውን ቀጥቃጩን አይጠቅመውም። ስትገዙ ከባሌስትራ ይሁን ከፌሮ ጠይቁ፤ ለተጠነከረና ለተለሰለሰ ብረት ተጨማሪ ብር ክፈሉ። ለስዊዙ ዶላር ፈልጋችሁ ከፍላችሁ የለ?

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን ጋፋት ብሎ ሰይሞታል። ግሩም ስያሜ ነው። ታዲያ የጋፋት ተቋም ቀጥቃጩን ወደ ግቢው ቢጠራው ምን ይለዋል? የብረት ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ፊት የገበያውን ካራ ቢያስቀምጡት፣ የትኛው ሙቀት ላይ ቢነከር እንደሚሻል አብረው ቢሞክሩት። ተማሪውም ዓይን ለዓይን ብረት አይቶ በቀለሙ ሙቀቱን የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይማራል። ቴዎድሮስ ባለሙያ ፍለጋ እስከ አውሮፓ ተመለከቱ፤ እኛ ከግቢው አጥር ወዲያ ማየት አይከብደንም።

ከተማዋም ስሟን ለካራዋ ትስጥ። ዞሊንገን ይህን አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣ ሕግ እዚያ ያልተሠራ ቢላ «ዞሊንገን» ተብሎ ሊጻፍበት አይችልም። «የደብረ ታቦር ካራ» የሚል ማኅተም ከሠሪው ስም ጋር ቢቀረጽ የሚከለክለን የለም። የሚከለክለን አዋጅ ሳይሆን አፍረታችን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ያለ ወጪ የሚሆን ነገር አለ። ካራ ስትገዙ በእጃችሁ ሰላም በሉት። ስሙን ጠይቁት። ካራችሁን ለሰው ስታሳዩም «የቀጥቃጭ ሥራ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ «የእገሌ ሥራ ነው» በሉ፣ በእገሌ ፋንታ የነገራችሁን ስም አስገብታችሁ።